ሃያ አራት ቮልት ሰው አይጥልም

«ሃያ አራት ቮልት ሰው አይጥልም።» ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር ከአፌ ለመስማት ሁለት ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጡ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ዐረፍተ ነገሯ ውሸት መሆኗ አይደለም፤ በከፊል እውነት መሆኗ ነው። ሙሉ ውሸትን ማንም ጤነኛ ሰው ሊያርመው ይችላል። ግማሽ እውነት ግን የተማረ ሰው ማኅተም ካረፈበት የአንዲትን ሴት ስም ከነሕይወቷ ለመቅበር ይበቃል። ማኅተም እንድሆን የተፈለግሁት እኔ ነበርሁ።

ያን ጊዜ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተሰናበትሁ ቆይቼ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ወንበሩ ጥቂት፣ ፈተናው ብርቱ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በጌጫ፣ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ ፊዚክስ በማስተማር ጨረስሁ። ሰዎች ጋሽ መኮንን ይሉኛል። በቃልና በቁጥር ስሕተት አይታገሥም ብለው ያሙኛል፤ ሐሜቱ እውነት ስለሆነ አልቀየምም። አንዱ ጎረቤቴማ «ጋሽ መኮንን ፊት ስኳር የሚመዝን ባለሱቅ እጁ ይንቀጠቀጣል» ይላል። ሽምግልና ስጠራ አልቀርም ነበር። በሽምግልናው ላይ ግን የእኔ ድርሻ ባብዛኛው ጋቢዬን ለብሼ መቀመጥና ሌሎች የተስማሙበትን በአማረ ቃል መቋጨት ነበር። ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ከመጡት አንዱ ሀጂ ከድር ነው። አባቱ ከቡታጅራ በኩል መጥተው ሚዛን የከተሙ፣ እሱም የሕንፃና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግድ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው። ሁለተኛው አቶ ፈለቀ ይባላል፤ በሚዛንና በቴፒ መካከል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የአንድ እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ ነው። የጣቢያውን ስም መጥራት ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም።

አቶ ፈለቀ ጉዳዩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ታደለች የምትባል የመፈልፈያ ማሽን ሠራተኛ ከማሽኑ መቆሚያ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። እሷ ኤሌክትሪክ ጣለኝ ትላለች። የነካችው ሽቦ ግን ከሁለት የመኪና ባትሪዎች የሚመጣ፣ ሃያ አራት ቮልት ብቻ ያለው ነው። የጣቢያው ኢንጂነር ይህ ሰውን ሊጥል እንደማይችል በማያሻማ ቃል ተናግሯል። ስለዚህ የጣላት በሽታዋ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ቤተሰቧ ስማችን ጠፋ ብሎ ሽማግሌ ጠርቷል። እሑድ ጣቢያው ላይ ሊቀመጡ ነው።

«እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያልቃል» አለኝ። «ፊዚክስ የተማሩ ሰው ሲናገሩ ማን ይከራከራል?»

ሃያ አራት ቮልት በደረቅ እጅ ቢነካ ምንም እንደማያደርግ ነገርሁት። ፊቱ በራ። አከታትዬ ሽቦው ወደ ምን እንደሚሄድ ጠየቅሁት። ወደ ውሃው ቫልቭ እንደሆነ ነገረኝ። ቫልቩ በምን እንደሚከፈት ስጠይቀው ግን ትከሻውን ነቀነቀ፤ መግነጢስ መሰለኝ፣ ሽቦ የተጠቀለለበት ነገር አለው አለ።

የያዝሁትን ብርጭቆ አስቀመጥሁ።

«እንግዲያው ሳላይ አልናገርም» አልሁት።

ሀጂ ከድር ሳቀ። «ነግሬህ ነበር ፈለቀ። ይህ ሰውዬ ሳያጣራ ደህና ዋልክ እንኳ አይልም።»

በማግሥቱ ዝናብ እየጣለ ሄድን። የመልቀሚያው ወቅት ስለነበረ የፈላ የቡና ገለባ ሽታ ከመንገዱ ጀምሮ ተቀበለን። እሸቱ ከገበሬው ተሰብስቦ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ጠዋት ማሽኑ ይቆማል፤ ሴቶቹ ብቻ ማድረቂያ አልጋዎቹን በላስቲክ ይሸፍናሉ። ሽምግልናው የተቀመጠው በዕቃ ማከማቻው ውስጥ ነው። አቶ ፈለቀ፣ ኢንጂነሩ ሳሙኤል፣ የታደለች አጎት አቶ ማሞ፣ ሀጂ ከድርና እኔ በአግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ታደለች ከሁላችንም ተነጥላ በበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ነበረች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ ምርኩዝ ይዛለች። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ የሳንቲም ያህል የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

ሻይ መጣ። ለእኛ በብርጭቆ ቀረበ፤ ለእሷ እጀታው ላይ ቀይ ክር በታሰረበት የፕላስቲክ ኩባያ ተሰጣት። ሻይ የምታቀርበውን ሴት ክሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እንዳይቀላቀል ነው፣ አባቴ» አለችኝ። በክፋት አልተናገረችውም። ስኳሩ የት እንዳለ እንደሚነግር ሰው ነበር የነገረችኝ። ያን ቀን መጀመሪያ የተቆጣሁት እዚያ ላይ ነው፤ ቁጣዬም እስከ ማታ አልበረደም።

ታደለች እንድትናገር ተፈቀደላት። የአፍ መፍቻዋ ቤንችኛ ነው፤ አማርኛን የተማረችው በሥራና በገበያ ነው። ስለዚህ ንግግሯ አጭር ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የተጣራ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም።

«ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሸ። አለቃ ሽቦውን በእጅ ንቀሉ አለ። ባትሪ ነው፣ አይጎዳም አለ። ባለፈው ዓመት ሙሉ ነቀልኩ፤ ምንም የለም። ዘንድሮ ነቀልኩ፤ መታኝ። ተናገርኩ፤ ሳቁ። ደግሞ ነቀልኩ፤ ጣለኝ።»

«ኤሌክትሪክ ያዘኝ ነው የሚባለው» አለ አቶ ፈለቀ።

«አቶ ፈለቀ፣ ሰዋስው ልናስተምር አልመጣንም» አልሁት።

እንዴት እንደምትነቅል በእጇ እንድታሳየን ጠየቅኋት። ግራ እጇ ሽቦው የሚታሰርበትን የብረት ብሎን ይይዛል፤ ቀኝ እጇ የሽቦውን ጫፍ ይዞ ይስባል። ሁለቱም ባዶ እጆች ናቸው። ይህን በልቤ ያዝሁት።

የቀረውን በጥያቄ አወጣጣናት። ስትወድቅ ራሷን አልሳተችም። እጅና እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ ሁሉን ትሰማ ነበር። ከወንዶቹ አንዱ የሚጥል ነው፣ እንዳትነኳት ብሎ ሲጮኽ ሰምታለች። የከበቧት ሁሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ አይታለች። ከዚያ ያ በየመንደሩ የምናውቀው ልማድ ተፈጸመባት፤ ክብሪት እየጫሩ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጉ። ጠባሳው የመጣው ከዚያ ነው።

«እኔ እግሬ ተሰበረ እላለሁ። እነሱ ክብሪት ይጭራሉ» አለች።

ያነሣቻት ከማድረቂያ አልጋዎቹ ሮጣ የመጣችው ታናሽ እህቷ ናት። እስከዚያ ድረስ አብረዋት ምሳ የሚበሉ ሰዎች ቆመው ይመለከቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማንም ከእሷ ጋር አይበላም፤ ማሽን አትነካም ተብላ ከሥራዋ ተነሥታለች።

አቶ ፈለቀ የመልስ ተራው ሲደርስ እንደ ጠበቃ ተነሣ። ከእሷ በፊት ሌሎችም ሽቦውን በእጃቸው ነቅለዋል፤ ማንም አልወደቀም። እሷም ራሷ ዓመት ሙሉ ነቅላ ደኅና ነበረች። ከአደጋው በኋላ ማብሪያ ማጥፊያው ተቀይሯል፤ ከዚያ ወዲህም ማንም ተመታሁ አላለም። «ሽቦው ያው ሽቦ፣ ባትሪው ያው ባትሪ ነው» አለ። «የተለወጠችው ሴትየዋ ናት።»

እውነቱን ለመናገር ክርክሩ በደንብ የተገነባ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሄዶ ማየት። እሱ የሚያውቀው ሽቦና ባትሪው እንዳልተለወጡ ነው፤ ከሁለቱ በቀር ሌላ ነገር መኖር አለመኖሩን ግን አልጠየቀም።

አቶ ማሞ በዘራቸው እንዲህ ያለ በሽታ እንደሌለ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ሊምል ሲሰናዳ ሀጂ ከድር በሽምግልና ወግ መሐል ገባ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፣ ይቅር ተባባሉ፣ ታደለችም ከማሽን ርቃ ቡና ትልቀም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ራሶች ተነቀነቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ በአማረ ቃል እንድቋጨው ነበር የሚጠብቁት።

«እርቅ አልፈልግም» አለች ታደለች ከበሩ አጠገብ። «ምን እንደመታኝ ንገሩኝ።»

አጎቷ ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይባልም ብሎ ገሠጻት። እኔ ግን ተነሣሁ። ከዚያ ዕለት በፊት በስንት ሸንጎ ተቀምጫለሁ፤ ከታረቁት ሰዎች መካከል እውነቱን ንገሩኝ ያለ አንድም ሰው አላስታውስም። ምናልባት ብለውም አልሰማንም ይሆናል። ሳሙኤልን የመቆጣጠሪያውን ሳጥን እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት።

ሳሙኤል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጨዋ ወጣት ነው። ካቻቢቴውን ይዞ ቀደመኝ። ሳጥኑ ንጹሕ ነበር፤ ሽቦዎቹ በሥርዓት ታስረዋል። መነጽሬን አድርጌ ወደ ቫልቩ መግነጢስ የሚሄዱትን ሁለት ማሰሪያዎች ተመለከትሁ። በእያንዳንዳቸው ላይ በፒንሳ የተቆረጠች አጭር የሽቦ ጉቶ ተጣብቃለች።

«እዚህ ላይ ምን ነበር?» አልሁት።

«ዳዮድ ነበር።»

«የት ሄደ?»

«አነሣሁት። በተቃራኒ ነበር የተገጠመው። ዳዮድ ፍሰት የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ወደማያሳልፍበት ዞሮ ነበር። የገጠመው ሰው ተሳስቶ ነው ብዬ አሰብሁ። ሥራ አልነበረውም።»

«መቼ ነው ያነሣኸው?»

«የዘንድሮው ለቀማ ከመጀመሩ በፊት፣ ሳጥኑን ሳጸዳ።»

ባለፈው ዓመት ታደለች ስትነቅል ዳዮዱ ነበረ፤ ዘንድሮ ስትነቅል አልነበረም። ይህን እኔ ልነግረው አልፈለግሁም፤ ራሱ እንዲደርስበት ፈለግሁ። ቀስ በቀስ ደረሰበት።

«ግን እኮ ሃያ አራት ቮልት ነው» አለ በተዳከመ ድምፅ።

«ልጄ፣ ሃያ አራቱ የባትሪው ነው። የጥቅሉን ማን ለካው?»

ወደ ማከማቻው ተመልሰን ለተሰበሰቡት አስረዳሁ። ያልተማሩ ናቸው ብዬ አላሳጠርሁላቸውም። በኃይል የሚወርድ ውሃ በድንገት ሲዘጋ ቧንቧው ለምን እንደሚደልቅ ጠየቅኋቸው። በውሃ የሚኖር ጣቢያ ነውና ሁሉም ያውቁታል፤ የሚሮጥ ውሃ ቁም ሲሉት ግድግዳውን ይመታል። በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ፍሰትም እንደዚሁ ነው። ፍሰቱ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ሲቆረጥ መስኩ ይፈርሳል፤ የሚፈርሰው መስክ ደግሞ በዚያው በገዛ ጥቅሉ ውስጥ አዲስ ቮልቴጅ ይወልዳል። ጥቅሉ ለውጥን ይቃወማል፤ ሲጀምሩት መጀመሩን፣ ሲያቆሙት መቆሙን። የሚወለደው ቮልቴጅ በባትሪው መጠን የታጠረ አይደለም፤ ፍሰቱ ምን ያህል በድንገት እንደተቆረጠ ነው የሚወስነው። ሽቦ በእጅ ሲመነጨቅ ቁርጠቱ ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል፤ ሃያ አራቱም በመቶዎች ይሆናል። የባዘነው ፍሰት ሌላ መንገድ ሲያጣ ብሎኑንና ሽቦውን በሁለት እጇ በያዘችው ሴት ክንድ በኩል ያልፋል። ዳዮዱ በተቃራኒ የተገጠመው ለዚያች ቅጽበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ይመስላል፤ በምትቆርጥበት ቅጽበት ብቻ ለተባረረው ፍሰት በር ይከፍትለትና በጥቅሉ ውስጥ እየዞረ እንዲሞት ያደርገዋል።

አቶ ፈለቀ አዳመጠኝ። ሳበቃም «ግሩም ነው፣ ጋሼ። ግን ይህ ሁሉ ቃል ነው። በቃል ሰው ሲወድቅ አላየሁም» አለ።

ልክ ነበር። ስለዚህ ከጥበቃው ትልቅ መብራት ውስጥ አራት የባትሪ ድንጋዮች አስወጣሁ፤ ተደርድረው ስድስት ቮልት ይሆናሉ፤ ያ ሰው አይጥልም ከተባለው ሩቡ ነው። አቶ ፈለቀ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ እንዲይዝ አደረግሁ። ያዘ። ምንም አልተሰማውም። ወደ ሰዎቹ ዞሮ ይኸው አለ። ሳሙኤል የቫልቩን ጥቅል ፈትቶ አምጥቶ ከባትሪ ድንጋዮቹ ጋር አያያዘው።

አንድ ሰው ብቻ ቢመታ ደግሞ በሽታ ነው፣ ፈርቶ ነው፣ ሴራ ተሸርቦ ነው ይባላል። ሁሉም በገዛ ሥጋው እንዲመሰክር ፈለግሁ። ልቡ የታመመ ካለ እንዲወጣ አስጠነቀቅሁ፤ ማንም አልወጣም። ከዚያ እጅ ለእጅ እንድንያያዝና ሁለቱ ዳር የቆሙት በነጻ እጃቸው የጥቅሉን ሁለት ጫፎች እንዲይዙ ነገርኋቸው። የባትሪውን ሽቦ የሚነቅለው ሳሙኤል ነው።

ታደለች በምርኩዟ ተደግፋ ተነሣች።

«እኔም እገባለሁ። በሽታ ከሆነ እኔ ብቻ እወድቃለሁ። ታያላችሁ።»

«እጇን ማን ይይዛል?» አለ አቶ ፈለቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ለማንም አልተናገረም። ስለ አንድ የተቀደደ ጆንያ የሚናገር ይመስል ነበር።

ግራ እጇን እኔ ያዝሁ። ቀዝቃዛ፣ ሸካራና ጽኑ እጅ ነበር። በቀኟ በኩል ያለው ቦታ ግን ባዶውን ቆየ። አጎቷ እንኳ ወደ እኔ ሌላ ወገን ዞሮ የእኔን እጅ ያዘ እንጂ ወደ እሷ አልሄደም። ምርኩዟን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ሀጂ ከድር የራሱን እጅ ተመለከተ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተመለከተው አላውቅም፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር። በመጨረሻ ቢስሚላህ ብሎ መጣና ያዛት። ሁሉም ሲያየው አቶ ፈለቀ መቅረት አልቻለም፤ በአቶ ማሞ በኩል ዳር ቆመ።

«አሁን ባትሪው ተያይዟል። የሚሰማችሁ ነገር አለ?» አልሁ።

ምንም አሉ።

«ቁረጥ» አልሁት ሳሙኤልን።

ከሁለቱ ክንዶቼ ወደ ደረቴ እንደ ምስማር ገባብኝ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሶቼ ተጋጩ። የሀጂ ከድር ቆብ መሬት ወደቀ። አቶ ማሞ በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ትርጉሙን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አቶ ፈለቀ ሽቦውን ወርውሮ ወደ ኋላ ተንደርድሮ በቡና ጆንያዎቹ ላይ በቂጡ ተቀመጠ። ምን እንደሚመጣ አስቀድማ የምታውቀው ታደለች ብቻ ከንፈሯን ነክሳ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እጄን አልለቀቀችም።

ወደ ጆንያው ዞራ በጨዋ ድምፅ ጠየቀችው።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ክብሪት ይምጣ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሻይ አቅራቢዋ ናት። ከዚያ ሀጂ ከድር ቆቡን ሲያነሣ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዛሬም አልስቅም።

ሳሙኤል አሮጌ ብሎኖች ከሚያኖርበት ጣሳ ውስጥ ዳዮዱን ፈልጎ አመጣ። ከስንዴ ቅንጣት የማይተልቅ ነገር ነው። ቀድሞ እንደ ነበረው አድርጎ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በጥቅሉ ላይ አሰረው። እንደገና እንያያዝ ስል አቶ ፈለቀ ጆንያው ተመችቶታል፤ በእሱ ፈንታ ሳሙኤል ራሱ ጫፉን ያዘ፤ ሽቦውን የነቀለችው ሻይ አቅራቢዋ ናት። ነቀለች። ምንም የለም። ደጋግማ ነቀለች። ምንም።

ሳሙኤል ከሰልፉ ወጥቶ ታደለች ፊት ቆመ። «እህቴ፣ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው። ይቅር በይኝ» አላት።

«ዕቃውን መልሰው» አለችው። «እኔንም መልሱኝ።»

አቶ ፈለቀ ወደ ጥግ ስቦኝ ነገሩ እዚሁ እንዲቀር ለመነኝ። ወደ ማሽኗ ትመለሳለች፣ ሕክምናዋም ይታያል፣ ታዲያ ሠራተኛውን ማወክ ለምን ያስፈልጋል አለ። ስሟ የጠፋው በአደባባይ ነውና በአደባባይ ይመለሳል፣ አለዚያ ጥቅሉንና የባትሪ ድንጋዩን ይዤ ገበያ መሐል እቆማለሁ አልሁት። እንደማደርገው ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው እሸት ለመረከብ ሲሰበሰብ ወጥቶ ተናገረ። የመታት ሽቦው እንደሆነ፣ በሽታ እንደሌለባት፣ ስለዚህ ማንም እንዳይሸሻት ተናገረ። ሻይ አቅራቢዋ ቀዩን ክር በምላጭ ቆረጠችው። ክብሪት የጫሩባት ሰዎች እየተሽኮረመሙ መጥተው ጨበጧት። እኔም፣ ልክደው አልችልም፣ ደረቴን ነፍቼ ቆምሁ። ከተማርሁት ትምህርት አንዲት ምዕራፍ የሰው ሕይወት መለሰች ብዬ ኮራሁ።

ማታ በሀጂ ከድር መኪና ወደ ሚዛን ስንመለስ ታደለችና አጎቷ አብረውን መጡ፤ ወደ እናቷ ወደ ሸዋ ቤንች ልትሄድ ነው። መናኸሪያው ላይ አጎቷ መኪና ሲጠይቅ እሷ በእኔ መስኮት በኩል በምርኩዟ ቆመች። የምታመሰግነኝ መስሎኝ አያስፈልግም ልል ተሰናድቼ ነበር።

«ጋሼ፣ በሽታው ቢኖርብኝስ ኖሮ?» አለችኝ።

«የለብሽም እኮ። አረጋገጥን።»

«ቢኖርብኝ ግን። እግሬ ተሰብሮ ወድቄ። ክብሪቱ ልክ ነበር? ኩባያው ልክ ነበር?»

የመስኮቱን መስተዋት እስከ ታች አወረድሁት።

«በሰፈራችን አንድ ሰው አለ፤ እውነት የሚጥለው። እሳት ላይ ወደቀ። ሰው ቆሞ አየ። እኔም ቆሜ አየሁ። አንድ እጁ የለም አሁን።» ምርኩዟን አስተካከለች። «ለሱ ምን ሽቦ ያገኙለታል?»

አጎቷ ጠራት፤ ሄደች።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በዚያን ዕለት ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ያናወጠኝ ይህ ነው። ከጥቅሉ የደረሰብኝ ምት ወዲያው አልፏል፤ ይህ ግን አላለፈም። እኔ ያጋለጥሁት አንድ የምርመራ ስሕተት ብቻ ነበር። የፍርዱን ጭካኔ አልነካሁትም፤ እንዲያውም አጸናሁት። በአቶ ፈለቀ አፍ ያስነገርሁት «በሽታ የለባትምና አትሽሿት» የሚል ነው፤ ያለበትንስ? ሽሹት፣ ጢስ አሽትቱት፣ ኩባያውን በክር ለዩት ማለት አይደለምን? ይህን በመቶ ሰው ፊት አስነግሬ ደረቴን ነፋሁ። በራሴ ተቆጣሁ፤ ግን ቁጣዬን ለብቻዬ ይዤ መቅረት አልፈልግም፤ ለእናንተም ይድረሳችሁ። ከእናንተ መካከል ክብሪት ሲጫር ቆሞ ያላየ ማን ነው?

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ጠየቅሁ። የሚጥል በሽታ በመንካት፣ በኩባያ፣ በአረፋ አይተላለፍም። የክብሪት ጢስ ከመጉዳት በቀር ፋይዳ የለውም። የወደቀውን ከእሳትና ከውኃ አርቁት፣ በአፉ ምንም አታስገቡ፣ መንቀጥቀጡ ሲተወው በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ቆዩ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መድኃኒት አለው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ ገብቼም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸንጎ ላይ ማኅተም ሆኜ አልቀመጥም። ስጠራ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ፣ ነገሩን ሄዶ ያየው ማን ነው? ቀጥሎም፣ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆንስ፣ በዚህ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ይገባል? በሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ወዳጆች አጥቻለሁ። ሀጂ ከድር ግን አልተለየኝም።

ቀጥሎ በመጣው የገበያ ቀን ሸዋ ቤንች ሄድሁ። ጥቅልም ባትሪም ሳልይዝ፣ አንዲት የጤና ባለሙያ ይዤ ሄድሁ። ታደለች በምርኩዟ እያነከሰች መንገድ መራችን። ሰውየው ከቤቶቹ ነጠል ባለች ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ስንቀርብ ልማዱ ሆኖ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ባለሙያዋ መድኃኒቱን ስታስረዳው ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁት፤ ቀኝ እጁ ስለሌለ የሚዘረጋው አጥቶ አንገቱን ደፋ። እጁ በነበረበት በኩል የቀረውን ክንዱን ያዝሁት። ምንም አልመታኝም።